ረጅም ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ለሚሠሩ፦ አንገት፣ ወገብ፣ እጅና ዓይን ሳይጎዳ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተር ላይ ውለው ወገባቸውን ወይም አንገታቸውን የሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ መፍትሔ ሞክረዋል። ውድ ወንበር ገዝተዋል፣ ትራስ ደግፈዋል፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን እንቅስቃሴ ጀምረው በሳምንቱ ትተዋል። ሕመሙ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ስለሚዛባ ነው። ወንበሩ ተስተካክሎ ጠረጴዛው ከፍ ካለ ትከሻ ተሰቅሎ ይውላል። ስክሪኑ ከፍ ብሎ ኪቦርዱ አብሮት ከተነሣ ደግሞ የእጅ አንጓ ይታጠፋል። ላፕቶፕ ላይ የባሰ ነው፤ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ልክ ሲሆን ሌላው የግድ ይበላሻል።

ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቁጥራቸው ተራ ይሥሩ። መጀመሪያ መቀመጫና እግር፣ ቀጥሎ ክርን፣ መጨረሻ ዓይን። ከስክሪኑ የጀመረ ሰው ወንበሩን በነካ ቁጥር ሁሉንም እንደገና ይሠራል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ (ላፕቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ፤ ከሁሉም ዕቃ ቀድሞ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው)
- ከ4 እስከ 6 ፓኬት የኤ4 ወረቀት ወይም ጠንካራ የእንጨት ሳጥን። 500 ቅጠል የያዘ አንድ ፓኬት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ስለዚህ ለልኬት ይመቻል
- ጠንካራ ስፖንጅ ወይም በደንብ የታጠፈ ብርድ ልብስ
- አንድ መካከለኛ ፎጣና ሰፊ ፕላስተር
- ፎቶ የሚያነሣዎት ሰው

ሶፋና አልጋ ላይ ሆኖ መሥራት በዚህ መመሪያ አይስተካከልም። አልጋ ላይ ላፕቶፕ ጭን ላይ ሲቀመጥ አንገት ወደ ታች፣ ወገብ ወደ ኋላ ይጎብጣል፤ በትራስ ብዛትም አይቃናም። ያለው ጠረጴዛ የምግብ ጠረጴዛ ብቻ ቢሆን እንኳ ከአልጋ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ሰውነትዎን ይለኩ

ጫማዎን እንደ ሥራ ቀን ያድርጉ። ጠንካራ ወንበር ላይ መቀመጫዎን እስከ መደገፊያው አስገብተው ይቀመጡ። እግርዎ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይርገጥ፣ ጉልበትዎ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ። ትከሻዎን ወደ ላይ ሳይስቡ ልቀቁት፤ ክንድዎ በጎንዎ ይንጠልጠል፣ ክርንዎን አጥፈው ይያዙ። አሁን ሌላ ሰው ሦስት ነገር ይለካልዎት፦

1. ከወለል እስከ ቋንጃዎ (የጉልበት ጀርባ)
2. ከወለል እስከ ክርንዎ ታች
3. ከወለል እስከ ዓይንዎ

ሦስቱን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ የጠረጴዛዎን ቁመት ይለኩ። ለሽያጭ ከሚቀርቡ የቢሮና የምግብ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው።

ለምሳሌ አንዲት ሴት ቋንጃዋ 42፣ ክርኗ 64፣ ዓይኗ 114 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጠረጴዛ ከክርኗ 11 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ኪቦርዱ ራሱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምር እጇ የሚያርፈው ከክርኗ 13 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ሙሉ ቀን ትከሻዋን ሰቅላ ትጽፋለች ማለት ነው። ማታ ማጅራቷን የሚያቃጥላት ይህ ነው እንጂ «ብርድ» አይደለም። ይህችን ምሳሌ እስከ ደረጃ 5 ይዘናት እንሄዳለን።

ደረጃ 2፦ ወንበሩን ያስተካክሉ

ሁለት አማራጭ አለዎት፤ አንዱን ይምረጡ።

ሀ. ጠረጴዛውን ዝቅ ማድረግ። የራስዎ ከሆነና እግሩ እንጨት ከሆነ አናጺ ጠርቶ ማስቆረጥ ከሁሉም የተሻለ ነው። አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ ከክርንዎ ልክ የኪቦርዱን 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሰው ይዘዙ፤ በምሳሌያችን 62 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከማስቆረጥዎ በፊት ግን ጭንዎ ከታች መግባቱን ያረጋግጡ። መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ሲቆረጥ መሳቢያው ጭን ላይ ያርፋል፤ በመጀመሪያ መሳቢያው ይውጣ።

ለ. መቀመጫውን ከፍ ማድረግ። ጠረጴዛው የማይነካ ከሆነ ወንበሩን በልዩነቱ ልክ (በምሳሌያችን 13 ሳንቲ ሜትር) ከፍ ያድርጉ፤ እግርዎም በዚያው ልክ መርገጫ ያግኝ። ከፍታው የሚለካው ከተቀመጡበት በኋላ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ከግማሽ በላይ ሊሰምጥ ይችላል። ከፍ የሚል የቢሮ ወንበር ካለዎት በማንሻው ያንሡት፤ ከሌለዎት የታጠፈ ብርድ ልብስ ከታች፣ ጠንካራ ስፖንጅ ከላይ አድርገው እንዳይንሸራተት ከወንበሩ ጋር ይሰሩት።

የእግር መርገጫውን አይዝለሉ። እግር ተንጠልጥሎ ሲውል የወንበሩ ጠርዝ የጭንን ሥር ይጫናል፣ እግር ይደነዝዛል፤ ሰውየውም ሳያውቀው ወደ ፊት ተንሸራቶ በወንበሩ ጫፍ ይቀመጣል። በወንበር ጫፍ የተቀመጠ ወገብ ደግሞ መደገፊያ የለውም። በወረቀት ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ ካርቶን ወይም ሁለት ሦስት ፓኬት ወረቀት ይበቃል።

ቀጥሎ የመቀመጫው ጥልቀት። ጀርባዎ መደገፊያውን ነክቶ ሳለ፣ ከቋንጃዎ ጀርባና ከወንበሩ ጠርዝ መሃል ከ2 እስከ 3 ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክፍተት ከሌለ ወንበሩ ለእርስዎ ጥልቅ ነው፤ ከጀርባዎ ቀጥ ያለ ትራስ ያስገቡ።

መጨረሻ የወገብ ድጋፍ። ፎጣውን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ጠቅልለው በፕላስተር ይሰሩት። ቦታው ከቀበቶ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወገብ ወደ ውስጥ በሚገባበት ነው። ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ የጎድን አጥንት አካባቢ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ደረትን ወደ ፊት ይገፋል እንጂ ወገብን አይደግፍም። ፎጣው እንደሚገፋዎት ከተሰማዎት ወፍሯል፤ አንድ ዙር ይፍቱት።

ደረጃ 3፦ ኪቦርዱን ያስቀምጡ

- ኪቦርዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ይበል።
- የሚጽፉበት የፊደል ክፍል መሃል ከእምብርትዎ ፊት ለፊት ይሁን። ቁጥሮቹ በቀኝ ያሉበት ረጅም ኪቦርድ ሲሆን ሙሉ ኪቦርዱን ሳይሆን የፊደሉን ክፍል ነው መሃል የሚያደርጉት።
- ከኪቦርዱ ሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች አጥፈው ያስተኟቸው። ሲነሡ የእጅ አንጓን ወደ ኋላ ያጥፋሉ።
- ሲጽፉ አንጓው ቀጥ ብሎ ከክንዱ ጋር አንድ መስመር ይሁን። አንጓን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጭኖ መጻፍ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። ዕረፍት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ጣት እየሠራ ግን አይጫኑት።

አማርኛ ለሚጽፉ

የፊደሉን ድምፅ ተከትለው በእንግሊዝኛ ቁልፎች በሚጻፉት የአማርኛ የኪቦርድ ገበታዎች አብዛኛውን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፦ አንድ ለድምፁ፣ አንድ ለአናባቢው። እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ኘ ያሉት ደግሞ በብዙዎቹ ገበታዎች ላይ ሺፍት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንሿ ጣት ቀኑን ሙሉ ሺፍት ስትጫን ትውላለች። ስህተቱ ሁልጊዜ በግራ ሺፍት መጠቀም ነው። «ጠ»ን ለማውጣት በግራ ትንሿ ጣት ሺፍት ይዞ በዚያው እጅ ሌባ ጣት ቲን መምታት መዳፍን ይለጥጠዋል፣ አንጓንም ወደ ጎን ያጣምመዋል።

ሕጉ ይህ ነው፦ የሚመታው ቁልፍ በግራ እጅ በኩል ከሆነ (ቲ፣ ሲ፣ ኤስ፣ ዜድ) የቀኙን ሺፍት ይያዙ፤ በቀኝ በኩል ከሆነ (ኤን፣ ፒ) የግራውን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነትዎ ይቀንሳል። በየቀኑ አንድ ገጽ ብቻ በዚህ መንገድ ሆን ብለው ይጻፉ፤ ጣት ሲለምድ ወደ ሌላው ጽሑፍ ያስፋፉት።

ደረጃ 4፦ ማውስ

ማውሱ ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ከፍታ፣ ጎን ለጎን ተጠግቶ ይቀመጥ። ክርንዎ ከጎንዎ ሳይርቅ መድረስ አለበት። ቀኝ ትከሻቸው ብቻ የሚያማቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ማውሳቸው ከቁጥሮቹ ባሻገር ርቆ ነው የሚገኘው። ቁጥር የማያስገቡ ከሆነ የቁጥር ክፍል የሌለው አጭር ኪቦርድ ይግዙ። የሒሳብና የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ግን ቁጥሮቹ ያስፈልጉዎታል፤ እንግዲያው ማውሱን ወደ ግራ እጅ ማዛወር ይማሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ማውሱን ከአንጓ ሳይሆን ከክርን ያንቀሳቅሱ። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ እጅዎን ሁለት ጊዜ ማንሣት ካስፈለገዎት የጠቋሚውን ፍጥነት በሴቲንግ ይጨምሩ።

ደረጃ 5፦ ስክሪኑን ያንሡ

አሁን ብቻ ነው ስክሪኑ የሚነካው። ሦስት ልኬት አለው።

ርቀት። ቀጥ ብለው ተቀምጠው እጅዎን ሲዘረጉ የጣትዎ ጫፍ ስክሪኑን ሊነካ ሲል ይቁም፤ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከፍታ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን መስመር ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በምሳሌያችን ሴትየዋ መቀመጫዋን 13 ሳንቲ ሜትር ስላነሣች ዓይኗ ከወለል 127 ሆነ፤ ከጠረጴዛው ላይ ሲለካ 52። የላፕቶፗ ስክሪን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 32 ይጎድላል። ትንሽ ዝቅ ስለሚፈለግ 5 ቀንሰን 27፤ ማለትም 5 ፓኬት ወረቀት ገደማ። ብዙ ሰው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከሥሩ አስገብቶ «አነሣሁት» ይላል፤ ልኬቱ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል።

ፓኬቶቹን እርስ በርስ በፕላስተር ይሰሩ፤ ልቅ ከሆኑ ተንሸራተው ላፕቶፑ ይወድቃል። የላፕቶፑ የአየር መውጫ በወረቀት እንዳይደፈን ያስተውሉ። ለዘለቄታው በልኩ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ይሻላል።

ማዘንበል። ስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ትንሽ ይዘንበል፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል።

ለቅርብና ለሩቅ የተከፈለ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ከፍታ አይከተሉ። በታችኛው መስታወት ለማንበብ አገጫቸውን ስለሚያነሡ ማጅራታቸው ይታመማል። እርስዎ ስክሪኑን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ ቢቻል ለስክሪን ርቀት ብቻ የተለካ መነጽር ያሠሩ።

የተለየ ኪቦርድ መግዛት ለጊዜው ካልቻሉ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ይተዉት፣ ስክሪኑን በደንብ ወደ ኋላ ይክፈቱ፣ እርስዎም መደገፊያው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ይደገፉ። ይህ ማስታገሻ ነው፤ በአንድ መቀመጥ ከ20 ደቂቃ አያሳልፉ።

ደረጃ 6፦ ብርሃንና የፊደል መጠን

መስኮት ከጎንዎ ይሁን። ከፊትዎ ከሆነ ዓይን ከብርሃኑ ጋር ይታገላል፤ ከጀርባዎ ከሆነ ስክሪኑ ያንጸባርቃል፣ እርስዎም ነጸብራቁን ለመሸሽ ሳያውቁት ይጣመማሉ። ስክሪኑን አጥፍተው ይመልከቱት፤ መስኮት ወይም አምፖል በውስጡ ከታየ ቦታውን ያዙሩ።

የስክሪኑ ድምቀት አጠገቡ ከያዙት ነጭ ወረቀት ጋር ይመሳሰል። ፋኖስ መስሎ ከበራ ይቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ይጨምሩ።

የአማርኛ ፊደል በትንሽ መጠን ሲታይ የቅርጽ ልዩነቱ ይጠፋል። «ቀ»ን ከ«ቁ»፣ «ጸ»ን ከ«ጹ» ለመለየት አንገት ወደ ፊት ይሰገጋል። የሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር የማጅራት ጡንቻ የሚሸከመው ይጨምራል። ስለዚህ ማጉያውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ያድርጉት። አሳሽ (ብራውዘር) ላይ ኮንትሮል (Ctrl) ይዘው የመደመር ምልክቱን ይምቱ። መለኪያው ይህ ነው፦ ጀርባዎ መደገፊያውን ሳይለቅ ያለ ችግር ማንበብ መቻል።

መብራት ሲጠፋ በጨለማ ክፍል በስክሪኑ ብርሃን ብቻ አይሥሩ። የሚሞላ መብራት ካለዎት ከስክሪኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያብሩት፤ ድምቀቱንም ይቀንሱ።

ደረጃ 7፦ በፎቶ ያረጋግጡ

እንደ ልማድዎ 10 ደቂቃ ይሥሩ፤ ሰው ሳይነግርዎት ከጎን ፎቶ ያንሣዎት። ፎቶው ላይ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በግምት በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይታዩ። ጆሮ ከትከሻ ቀድሞ ከወጣ ስክሪኑ ርቋል ወይም ፊደሉ አንሷል። ትከሻ ወደ ጆሮ ከተጠጋ ጠረጴዛው አሁንም ከፍ ብሏል። በመቀመጫና በመደገፊያ መሃል ክፍተት ካለ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

ልክ ሲሆን የወንበሩን ቦታ ወለሉ ላይ፣ የኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ጽዳት ሲደረግ ወይም ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ሁሉም ይንቀሳቀሳል፤ ያለ ምልክት የሚመለስ የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዎ ቀለል ያለ ድካም ቢሰማው አይደንግጡ፤ ሥራ ያልለመደ ጡንቻ መሥራት ጀምሯል። በየቀኑ እየባሰ ከሄደ ግን ከፍታዎቹን በግማሽ ይመልሱና ቀስ ብለው ያስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ የሰዓት ሥርዓት

ትክክለኛ አቀማመጥም ቢሆን ለሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩበት ይጎዳል። ባት ካልሠራ ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው ደም ይዘገያል፤ ጡንቻም ያለማቋረጥ ተወጥሮ ሲቆይ በቂ ደም አያገኝም።

1. በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የራቀ ነገር ይመልከቱ፤ የመንገድ ማዶ ሕንፃ ይሁን። ስልክ ማየት አይቆጠርም።
2. በየ30 ደቂቃው ተነሥተው 2 ደቂቃ ይራመዱ።
3. በየ2 ሰዓቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከጠረጴዛው ይራቁ። ቡናና ሻይ እዚህ ላይ ይጠጣ፤ ከስክሪኑ ፊት የተጠጣ ቡና ዕረፍት አይደለም።

የስልክ ማንቂያ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው አጠገብ ስለሚቀመጥ ነው፤ በአንድ ጣት ይጠፋል። ስልኩን ከክፍሉ ማዶ ያስቀምጡት። እሱም ካልሠራ መነሣትን ከሌላ ነገር ጋር ያያይዙ፦ የስልክ ጥሪ በሙሉ ቆሞ፣ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ከሌላ ክፍል፣ ሰነድ ባለቀ ቁጥር እስከ በሩ። ስልክን በጆሮና በትከሻ መሃል ይዞ መጻፍ በጥብቅ ይቅር፤ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ ዓይን

ስክሪን ላይ ስናተኩር ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በብዙ ይቀንሳል፤ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ «አሸዋ ገባበት» ይመስላል። በደጋ አካባቢ በበጋው ወራት አየሩ ራሱ ደረቅ ስለሆነ ይብሳል። በየዕረፍቱ 10 ጊዜ ቀስ ብለው ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ ጨፍነው ይክፈቱ። የአየር ማራገቢያ ፊት ላይ አይንፈስ።

ካልተሻለዎት ከፋርማሲ «ሰው ሠራሽ እንባ» የሚባለውን ጠብታ ይጠይቁ። ሳይታዘዝልዎት ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ አይጠቀሙ፤ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፣ ነገር ግን ሲደጋገም የዓይንን ግፊት ጨምሮ ዕይታን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላሉ የሚባሉት መነጽሮች የዓይን ድካምን ስለመቀነሳቸው አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ ያንን ገንዘብ ለዓይን ምርመራ ያውሉት። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈና ከሰዓት በኋላ ፊደል ከደበዘዘብዎት ምርመራው የግድ ነው።

ደረጃ 10፦ ስድስት እንቅስቃሴዎች

ሁሉም 8 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ይሥሯቸው። የመወጠር ስሜት ትክክል ነው፤ የሚወጋ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ከመጣ ያቁሙ።

1. አገጭ ወደ ኋላ፦ ፊት ለፊት እያዩ አገጭዎን በቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ወደ ታች አያጎንብሱ። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ።
2. ደረት መክፈቻ፦ በር መሃል ቆመው ክርንዎን በትከሻ ከፍታ መቃኑ ላይ ያሳርፉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። 30 ሰከንድ፣ 2 ጊዜ።
3. የክንድ ጡንቻ፦ ክንድዎን ዘርግተው መዳፍዎ ወደ ታች እያየ፣ በሌላው እጅ ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ አዙረው ይድገሙ። ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ።
4. የዳሌ ፊት፦ አንድ ጉልበት ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ሌላውን እግር ከፊት ያድርጉ፣ የመቀመጫዎን ጡንቻ አጥብቀው ዳሌዎን ወደ ፊት ይግፉ። በየጎኑ 30 ሰከንድ። ስህተቱ ወገብን ወደ ኋላ መለመጥ ነው፤ ያኔ ዳሌው ሳይሆን ወገብ ይሠራል።
5. ተረከዝ ማንሣት፦ ጠረጴዛ ይዘው በጣትዎ ይቁሙ፣ ቀስ ብለው ይመለሱ። 20 ጊዜ።
6. ከወንበር መነሣት፦ እጅ ሳይጠቀሙ 10 ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ።

ይህ የእግር ጉዞን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድ ይቆጠራል።

ውሃ በቂ መሆኑን በሽንት ቀለም ያውቁታል፤ ፈዛዛ ቢጫ ይሁን። በጾም ሰዓት ውሃ የማይጠጡ ከሆነ ዓይንና ትኩረት የሚፈልገውን ሥራ ወደ ጠዋት ያምጡት፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከውሃ ጥምና ከቡና ማጣት ነው።

ምልክቱ ሲመጣ ምን ይነካል?

ማጅራትና የትከሻ አናት ቢያቃጥል፦ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ከፍታ፣ ከዚያ የማውሱን ርቀት ይፈትሹ።

አውራ፣ ሌባና የመሃል ጣት ቢደነዝዙ፣ በተለይ ሌሊት ቢቀሰቅስዎት፦ በአንጓ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የኪቦርዱን እግር አጥፈው ያስተኙ፣ ጠርዝ ላይ መጫን ያቁሙ፣ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ያድርጉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካልቀነሰ ወይም ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ሐኪም ይዩ፤ ነርቭ ሲቆይ ጡንቻ ይከሳል።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ቢደነዝዙ፦ ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ ነው። ጠንካራ ጠርዝ ላይ ክርን አያሳርፉ፤ የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ ያድርጉ። ክርን በጣም ታጥፎ መተኛትም ያባብሰዋል።

ወገብ ሲቀመጡ አሞ ሲራመዱ ቢለቅ፦ ፎጣውን፣ የመቀመጫውን ጥልቀትና የዕረፍቱን ሰዓት ያስተካክሉ። ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ መመርመር አለበት።

ዳይክሎፌናክ እየወሰዱ ሥራ መቀጠል መፍትሔ አይደለም። ሕመሙን ይሸፍናል፣ መንስኤው ይቀጥላል፤ ጨጓራና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እጅ ወይም እግር እየደነዘዘ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገት ማስጠምዘዝ ወይም ወገብ ማስረገጥ አደገኛ ነው፤ የተጫነ ነርቭ በዚያ ሊጎዳ ይችላል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል የሚያስሄዱ

- ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሃልና በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ወይም እግር ከከዳ
- አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ። ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽ። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት በዚያው ደቂቃ ይሂዱ
- ድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም በዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ መምሰል
- ደረት አሞ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ «አቀማመጤ ነው» ብለው አይጠብቁ

ለሌላው ሁሉ በቀጠሮ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይበቃል። ሲሄዱ በደረጃ 7 የተነሡትን ፎቶ፣ የሚደነዝዙትን ጣቶች ስምና ሕመሙ የሚጀምርበትን ሰዓት ጽፈው ይያዙ።